የልዩ ፍላጎት ክፍል ካርድ፣ ታይመርና መመዝገቢያ፦ የቱ ብሩን ያወጣል የቱ አያወጣም

የልዩ ፍላጎት መምህራን፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ከልጃችሁ ጋር የምትታገሉ ወላጆች፣ ይሄ ለናንተ ነው። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ የመንግስት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው የማስተምረው፣ ክፍሌ ውስጥ ኦቲዝም ያለባቸውም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውም ልጆች አሉ፣ እድሜያቸውም ችሎታቸውም ለየቅል ነው፣ አዋቂ ደግሞ እኔና አንዲት ረዳት ብቻ ነን። ካርድ የምለው ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን እንዲያውቅ ወይም የሚፈልገውን እንዲነግረን የምንጠቀምበትን ስዕል ወይም ፎቶ ነው፣ መመዝገቢያ ደግሞ የልጁን ለውጥ የምንፅፍበት ነው። ከመስከረም ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ያልሞከርነው የካርድ፣ የሰዓትና የመመዝገቢያ አይነት የለም ማለት ይቻላል፣ ግማሹ በትምህርት ቤቱ በጀት ግማሹ ከኪሴ ነው የተገዛው፣ ስለዚህ የማወራው ዝም ብዬ ዩቲዩብ አይቼ አይደለም።

ነገሩን ላሳጥርላችሁና ተዘጋጅቶ በካርቶን የሚሸጠውን የካርድ ፓኬጅ አትግዙ። ብራችሁን ላሚኔት (ወረቀት በፕላስቲክ ማሸጉ) እና ቬልክሮ (ተለጣፊ ማያያዣው) ላይ አውጡት።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ፓኬጁን ያገኘነው የህፃናት መጫወቻና የትምህርት መርጃ ከሚሸጥ አንድ ሱቅ ነው፣ ስሙ ይቅር፣ 4,500 ብር። ሳጥኑ ሲያምር! ካርዶቹ በቀለበት ተንጠልጥለው፣ በቀለም ተለይተው፣ ስታዩት በቃ ክፍላችሁ ነገ አሜሪካ የሚሆን ነው የሚመስላችሁ። ከፍታችሁ ስታገላብጡት ግን የበረዶ ቦት ጫማ፣ ቢጫ የትምህርት ቤት ባስ፣ ሳንድዊች፣ አረፋ በሞላው ገንዳ ውስጥ የተቀመጠ ህፃን ነው ያለው። የኔ ልጆች በሚኒባስ ተጣበው ወይም በእናታቸው ጀርባ ነው የሚመጡት፣ ምሳቸው ምገባ ላይ የሚሰጠው እንጀራ ነው፣ ታዲያ ሳንድዊቹን አሳይቼ "ምሳ" ብለው ልጁ ምኑን ይያዘው? ስዕል ለኛ ግልፅ ስለሆነ ለሱም ግልፅ ይመስለናል። ከዚህ ሁሉ ግን የባሰው ማብረቅረቁ ነው። አንዱ ልጄ ካርዱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አዙሮ ብርሃኑን ጣሪያው ላይ ማስጨፈር ጀመረ፣ ከዛን ቀን ወዲህ ያ ካርድ ለሱ መስታወት እንጂ ካርድ አልሆነም፣ ስዕሉን ገልብጦ እንኳን አያየውም። ስለዚህ የምታሰሩ ከሆነ የማያብረቀርቀውን፣ ደብዘዝ ያለውን ላሚኔት ጠይቁ፣ ሁሉም ቤት ባይኖርም ፈልጋችሁ አታጡትም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። አራሳክ የሚባል ነገር አለ፣ የስፔኑ የአራጎን ክልል መንግስት የሚያስተዳድረው የስዕል ክምችት ነው፣ ስዕሎቹን የሰራው ሰርጂዮ ፓላኦ ነው፣ ከኢንተርኔት በነፃ ይወርዳል። ከአስር ሺህ በላይ ስዕል አለው፣ የቆዳና የፀጉር ቀለም መቀየር ይቻላል፣ ባለቀለምም ጥቁርና ነጭም አለ። ፈቃዱ ክፍል ውስጥ ለመጠቀም እንጂ ለመሸጥ አይደለም፣ ይቺን ልብ በሉ ምክንያቱም "አባዝተን እንሽጠው" የሚል ሰው አይጠፋም። ለድርጊቶች፣ ማለትም መቀመጥ፣ መጠበቅ፣ መፃፍ፣ ሽንት ቤት፣ እጅ መታጠብ፣ እነዚህን ከዛ ነው የወሰድኩት። ለምግብ፣ ለሰውና ለቦታ ግን የራሳችንን ፎቶ ነው ያነሳነው፦ የኛን ሳህን፣ የኛን በር፣ የኛን ዥዋዥዌ። ምግብ የምታቀርብልን እናት ጭልፋዋን ይዛ የተነሳችው ፎቶ ክፍሉ ውስጥ እንደሷ ቶሎ የገባ ካርድ የለም፣ ልጆቹ ሲያዩት ገና ይነሳሉ።

ስዕልም ፎቶም የማይገባቸው ልጆች አሉ፣ ይሄን ማንም አይነግራችሁም፣ ካርድ አሳይተው ዝም ሲል "አይችልም" ይላሉ። በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እነ ኤሪክ ሾፕለር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጀመሩት ቲች የሚባለው አሰራር ላይ መሰላሉ ግልፅ ነው፣ ከስር እቃው ራሱ ነው፣ ከዛ ፎቶ፣ ከዛ ስዕል፣ ከዛ ፅሁፍ። እኔ ጋ አንዲት ልጅ አለች ፕሮግራሟ በካርድ ሳይሆን በእቃ ነው የተሰቀለው፣ ማንኪያ ካየች ምግብ ነው፣ የኳስ ቁራጭ ካየች ግቢ ነው፣ ቦርሳዋን ካየች ወደ ቤት ነው። ይሄ ምንም ብር አያስወጣም፣ ከዚህ ግምገማ ውስጥ ሙሉ ነጥብ የምሰጠው ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

የማተሙን ነገር ላውራ፣ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚከስረው። ፒያሳ ላይ የምናውቃቸው ኮፒ ቤቶች ከፈረሳው በኋላ ብዙዎቹ ተበታትነዋል፣ እኔ አሁን የምሄደው አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካሉት አንዱ ጋ ነው። ባለቀለም ኤ4 25 ብር፣ ላሚኔት 40 ብር ነው ያስከፈሉኝ፣ ዋጋው በየጊዜው ስለሚቀያየር እናንተ ስትሄዱ ጨምሮ ብታገኙት እኔን እንዳትወቅሱ። የኮፒ ቤቱ ልጅ ትሁት ነው፣ ስራውን ያውቃል፣ ግን ዝም ካላችሁት ሙሉውን ገፅ ላሚኔት አድርጎ ከዛ በመቁረጫ ይሸነሽንላችኋል። ያ ማለት የካርዱ ጠርዝ ክፍት ነው ማለት ነው። አፉ ውስጥ የሚከት ልጅ ካላችሁ ምራቁ በጠርዙ ገብቶ ወረቀቱ ሳምንት ሳይሞላው እንደ ረጠበ ቂጣ ይንቦጫቦጫል። መጀመሪያ ወረቀቱን ቁረጡ፣ ከዛ ካርዶቹን እያራራቃችሁ ደርድራችሁ ላሚኔት አስደርጉ፣ ከዛ ዙሪያውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ እያስቀራችሁ ቁረጡ፣ ጥጎቹንም አክብቧቸው አይን ይወጋሉ። "እህቴ ይሄ ፕላስቲክ ማባከን ነው" አለኝ ልጁ፣ ይባክን፣ እኔ ነኝ የምከፍለው። ውፍረቱን ደግሞ 125 ማይክሮን በሉት፣ 80ው ቀጭን ነው ልጆች ያጥፉታል።

ቬልክሮ ያልኳችሁ ያ የልጆች ጫማ ላይ ያለው ጭርር የሚለው ነገር ነው። መርካቶ የልብስ ስፌት እቃ የሚሸጡበት ጋ በሜትር አለ፣ ከጀርባው ማጣበቂያ ያለውን ጠይቁ፣ የሌለውን ከገዛችሁ ላሚኔት ላይ መስፋት አትችሉም። ለስላሳው ካርዱ ላይ ሻካራው ሰሌዳው ላይ ነው እኔ የማደርገው፣ የልጁ ጣት የሚነካው ካርዱን ስለሆነ። ዋናው ግን ሁሉም ካርድ አንድ አይነት መሆኑ ነው፣ ረዳቴ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ብንለጥፍ ኖሮ ግማሹ ካርድ ሰሌዳው ላይ አይያዝም ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሰራልን የእጅ መታጠቢያው ቅደም ተከተል ነው። የተገዛው ፓኬጅ ላይ ያለው ቧንቧ ተከፍቶ ውሃ ሲወርድ ነው የሚያሳየው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው፣ የሌለ ቀን በጀሪካን ያለውን በጆግ ነው የምናስታጥባቸው። ካርዱ ላይ ያየውን ካላገኘ የማይንቀሳቀስ ልጅ አለኝ፣ ቧንቧውን እያዞረ እያዞረ እዛው ይቆማል፣ ጎትተህ ብትወስደው ለቅሶ ነው። አሁን ሁለተኛው ደረጃ ላይ በቬልክሮ የሚቀያየር ሁለት ካርድ ነው ያለን፣ አንዱ የቧንቧ ፎቶ አንዱ የጆጋችን ፎቶ፣ ጠዋት ውሃ መኖሩን አይተን አንዱን እንለጥፋለን። ጆጉ ያው ሰማያዊዋ ናት፣ ፎቶውም የሷ ነው። ልጁ ጆጓን ካርዱ ላይ አየ፣ ጆጓን ፈለገ፣ እጁን ዘረጋ። አለቀ። ይሄን የትኛው የ4,500 ብር ሳጥን ይሰጣችኋል?

"መጀመሪያ - ከዚያ" የሚባለውን ሰሌዳ ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው አልዘረዝረውም፣ ሁለት ካርድ ጎን ለጎን፣ መጀመሪያ ስራ ከዚያ የሚወደው ነገር። ይሰራል፣ ርካሽ ነው፣ ቤትም ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ፣ "ከዚያ" ያላችሁትን በሰዓቱ ካልሰጣችሁ በሁለተኛው ቀን ሰሌዳውን ይወረውርላችኋል፣ ልክ ነው ደሞ። የጨረሰውን ካርድ የሚከትበት ደግሞ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ክዳኑን ቀደን ሰራን፣ ካርዱ ሲገባ ኳ ይላል፣ ያንን ኳታ ለመስማት ብለው ስራ የሚጨርሱ ልጆች አሉ።

ፔክስን የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ይሄ ካርድ ብቻ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት አሜሪካ ደላዌር ውስጥ የጀመሩት ስልት ነው፣ ስድስት ደረጃ አለው፣ ልጁ ካርዱን እያነሳ ለሰው ሰጥቶ የሚፈልገውን ይቀበላል። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሁለት አዋቂ ያስፈልጋል፣ አንዱ ከፊት የሚቀበል አንዱ ከኋላ እጁን የሚመራ፣ ያውም ከኋላ ያለው ምንም ሳይናገር። እኛ ጋ ረዳቴ አንዱን ልጅ ሽንት ቤት ከወሰደች እኔ ከፊትም ከኋላም መሆን አልችልም፣ ስለዚህ የምንሰራው ሌሎቹ ምገባ ላይ ሲሆኑ ነው። ስልቱ ጥሩ ነው፣ የሰው ሃይል የሌለው ትምህርት ቤት ግን የካርዶቹን ፎልደር ገዝቶ ግድግዳ ላይ ከመስቀል ቢቀርበት ይሻላል።

እግረ መንገዴን፣ የአንዱ ልጅ አያት መጥተው "የኔ ልጅ፣ በካርድ እያናገራችሁት አፉ መቼ ሊፈታ ነው?" አሉኝ። ጥያቄው የሳቸው ብቻ አይደለም። "እማማ፣ ካርዱ አፉን አይዘጋውም፣ እስኪናገር ድረስ እንዳይበሳጭ ነው፣ ስንሰጠው ደግሞ ቃሉን እየጠራን ነው" አልኳቸው። የተደረጉት ጥናቶችም በስዕል መግባባት ንግግርን እንደማያስቀር ነው የሚያሳዩት፣ አንዳንዱ ልጅ ላይ እንደውም ያግዛል። እማማ ሙሉ በሙሉ አላመኑኝም መሰለኝ፣ ግን የውሃና የሽንት ቤት ካርድ ይዘው ሄደዋል፣ እሱም ይበቃል።

ታይመር። ዋናው ታይም ታይመር የሚባለውን ጃን ሮጀርስ የምትባል አሜሪካዊት እናት ናት ያመጣችው፣ ትንሿ ልጇ ስንት ቀረው ስንት ቀረው እያለች ስታስቸግራት፣ ቀዩ ክብ እየጠበበ ሲሄድ ጊዜው ማለቁን ቁጥር የማይቆጥር ልጅም ያየዋል። ሃሳቡ ወርቅ ነው። እዚህ የሚገኘው ግን ስም የሌለው ኮፒው ነው፣ እኔ 1,800 ብር ነው የገዛሁት። ድምፁ! ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ ክፍሉ ፀጥ ሲል ከኔ ድምፅ በላይ ይሰማል፣ ድምፅ የሚረብሸው ልጅ ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ስር ገባ። ሲያልቅ የሚደወለው ደግሞ ሁላችንንም ነው የሚያስደነግጠን። ከጥቂት ወር በኋላ ቀዩ ክብ አስር ደቂቃው ላይ ተገትሮ ቀረ፣ ቀጭ ቀጩ አለ ክቡ ግን አይንቀሳቀስም፣ ልጆቹ ደግሞ ቀይ እስካለ ድረስ ጊዜ አለ ብለው ነው የተማሩት፣ በቃ ሰዓት የማያልቅበት ክፍል ሆነ። መልሼ ስወስደው ሱቁ "ጋራንቲ የለውም" አለኝ። የምትገዙ ከሆነ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዛው አስገብታችሁ ጆሯችሁን አስጠጉ፣ ድምፅ ማጥፊያ ከሌለው አትግዙ። የስልክ ታይመር አትሞክሩ፣ ስልክ ካዩ ዩቲዩብ ነው የሚፈልጉት፣ ታይመሩን ማን ያየዋል። የአሸዋው ሰዓት ጥሩ ነበር፣ ፕላስቲኩን ካገኛችሁ ግዙት፣ የመስታወቱን ሳይሆን።

አሁን ወደ መመዝገቢያው። ይሄ ክፍል አይን አይስብም፣ ማንም ፎቶ አንስቶ አይለጥፈውም፣ ግን ካርዱ መስራት አለመስራቱን የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው። የግለሰብ ትምህርት እቅድ ላይ "እጁን በራሱ ይታጠባል" ብላችሁ ፅፋችሁ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ "ደህና ነው ተሻሽሏል" ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ፊደል ነው የምፅፈው፣ ሙሉ በሙሉ እጁን ይዘን ከሆነ "ሙ"፣ ክርኑን ብቻ ነካ አድርገን ከሆነ "ከ"፣ በምልክት "ም"፣ በቃል "ቃ"፣ ራሱ ከሆነ "ራ"። ኤ4 ወረቀት ለሁለት የተከፈለ፣ ክሊፕቦርድ፣ በገመድ የታሰረ እስክሪብቶ። ለሁለት ሳምንት ሳሙናው ላይ "ሙ ሙ ሙ" እያለ ከሄደ ችግሩ ልጁ ሳይሆን ሳሙናው ነው፣ ትልቅ ስለሆነ ያመልጠዋል፣ ቆርጠን ስናሳንሰው ወደ "ከ" ገባ። ወረቀቱ ባይኖር ይሄ አይታይም።

ድግግሞሽ ለመቁጠር አንድ እቃ አለ ሁላችሁም እንድትገዙት የምለምናችሁ፣ ለዚክር የሚሆነው ዲጂታል ቆጣሪ፣ ጣት ላይ የሚጠለቀው። አንዋር መስጊድ አካባቢ ካሉት ሱቆች በ150 ብር ገዛሁት፣ ሻጩ ለምን እንደፈለግኩት ስነግረው ሳቀና "አላህ ያግዝሽ" አለኝ። ጣቴ ላይ ሆኖ ሌላውን ልጅ እያስተማርኩ ጠቅ አደርጋለሁ፣ ማንም አያየኝም። አንድ ጉድ ግን አለው፣ ዜሮ የሚያደርገው ቁልፍ ከመቁጠሪያው አጠገብ ከሆነ የጠዋቱ ዳታ በአንድ ንክኪ ይጠፋል፣ ስለዚህ የተራራቀውን ምረጡ። እሱ ከሌለ ደግሞ ጋዋናችሁ እጅጌ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ በእስክሪብቶ ሰረዝ ሰረዝ፣ ወይ ሽምብራ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ፣ ማታ መቁጠር ነው። ሽምብራው ላይ ልጆቹ ከነቁባችሁ ግን ይበሉታል።

ባህሪ ላይ ኤቢሲ የሚባለው ወረቀት ነው፣ ከባህሪው በፊት የሆነው፣ ባህሪው፣ ከዛ በኋላ የሆነው። ሶስት አምድ። አንድ ልጅ ነበረን በድንገት ጆሮውን ይዞ የሚጮህ፣ ሰው ሁሉ የመንገዱ ስራ ድምፅ ነው ይል ነበር፣ እውነትም ከግቢያችን ጀርባ ማሽን አይቆምም ነበር። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ግን "በፊት" የሚለው አምድ ላይ ደጋግሞ ደብተር ማውጣት፣ "በኋላ" የሚለው ላይ ደግሞ ወደ ግቢ ወጣ ነው ያለው። ማሽኑ በሌለበት ቀንም ያው ነው። ልጁ የሚለን "ይሄ ከበደኝ ልውጣ" ነው፣ ይሄን የሚነግረን በጩኸት ብቻ ስለነበር። "እረፍት" የሚል ካርድ ሰራንለት፣ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተለጠፈ፣ ሲሰጠን ወዲያው ለትንሽ ደቂቃ ማውጣት፣ መመለስ። ጩኸቱ ፈፅሞ አልጠፋም፣ ግን ቀንሷል፣ ካርዱን እየመነጨቀ ፊቴ ላይ የሚያመጣባትን አመጣጥ ብታዩ። እዚህ ጋ ነው ካርድና ወረቀት አንድ ላይ የሚሰሩት፣ ወረቀቱ የትኛው ካርድ እንደሚያስፈልግ ይነግራችኋል።

እንግሊዝኛው የተዘጋጀ የዳታ መዝገብ፣ ያ ወፍራሙ፣ አይጠቅምም አልልም ግን ለአንድ ልጅ አንድ ረዳት ላለበት ክፍል የተሰራ ነው፣ አምዱ በዝቶ ሳይሞላ ይቀራል። ባዶ አምድ ያለበት ወረቀት ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ማንም አይነካውም።

በነገራችን ላይ ራሷም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበረችው ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት ልጅን ቤት ውስጥ መደበቅ የተለመደ ነበር፣ ዛሬ ቢያንስ ወላጅ ይዞ ይመጣል ይጠይቃል። ገበያው ላይ ያለው መርጃ መሳሪያ ግን ወላጁን ገና አልደረሰበትም፣ የእንጀራና የጆግ ካርድ አትሞ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ቢመጣ እኔ የመጀመሪያዋ ገዢ ነኝ። የልጆች ፎቶ ያለበትን ካርድ ግን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፉ በናታችሁ፣ የኛ ሰው ፎርዋርድ ማድረግ ይወዳል።

የቀረችው የስልክ ፎርም ናት። ረዳቴ ወጣት ናት፣ ስልኳ ላይ ፎርም ሰርታ ነካ ነካ እያደረገች ትሞላለች፣ ወር ሲያልቅ ግራፍ ይወጣል፣ ለወላጅ ስብሰባ ደግሞ ግራፍ ከአስር ወረቀት ይሻላል። ኔትወርክ ሲጠፋ ወረቀት ላይ ፅፈን ማታ እናስገባለን፣ ይሁን። ሰዓቱና ቀኑ ግን አናዶኛል። ፎርሙ በራሱ የሚመዘግበው በፈረንጅ ነው፣ እኔ ወረቀቴ ላይ "ህዳር 12፣ 3 ሰዓት ተኩል" ብዬ ፅፌ ስልኩ ደግሞ 9:30 እና የኖቬምበር ቀን ይላል፣ ሁለቱን ማመሳከር ራሱን የቻለ ስራ ነው፣ ወላጅ ግራፉን ሲያይም "ዘጠኝ ሰዓትማ እኔ ጋ ቤት ነው" ይለኛል። በኢትዮጵያ አቆጣጠርና በኛ ሰዓት የሚመዘግብ ቀለል ያለ ፎርም መስራት የምትችሉ ልጆች ካላችሁ አናግሩኝ፣ ብዙ አልከፍልም ግን ላሚኔቱ በኔ ነው።